«በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ኤኤምና ፒኤምን ሳይሳሳቱ መጠቀም

የአክስቴ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት አውሮፕላን አመለጣት። መንገድ ተዘግቶባት አይደለም። እንቅልፍ ጥሏትም አይደለም። ትኬቱን የቆረጠላት ሰው በቴሌግራም የላከላት መልእክት «ሐሙስ፣ 12:40 ኤኤም» ይል ነበር። እሷ ሐሙስ ማታ ሻንጣዋን አስጭና፣ ግማሹን ሰፈር አስከትላ፣ ሦስት ሰዓት ቀድማ ቦሌ ደረሰች። አውሮፕላኑ ግን ከሃያ አንድ ሰዓት በፊት ሄዷል። መልእክቱ «ሐሙስ» ያለው እኛ «ረቡዕ ማታ» የምንለውን ሌሊት ነበር።

«እንግሊዝኛ ታቀላጥፍ የለም እንዴ!» አለች እናቷ። ታቀላጥፋለች። እንግሊዝኛ አላነሳትም። የፈረንጁ ቀን የሚለወጥበት ቦታና የእኛ ቀን የሚለወጥበት ቦታ መለያየቱን ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አስረድቷት አያውቅም። እኔንም ያስረዳኝ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ትንሽ ስለተከታተልኩት፣ እንዴት እንደማሰላው ደረጃ በደረጃ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቃሎቹ ራሳቸው ምን ይላሉ?

ኤኤምና ፒኤም ከላቲን የመጡ አሕጽሮተ ቃላት ናቸው። ሙሉ ስማቸው «አንቴ ሜሪዲየም» እና «ፖስት ሜሪዲየም» ነው። ሜሪዲየም እኩለ ቀን፣ ቀትር ነው። አንቴ በፊት፣ ፖስት በኋላ። ስለዚህ «ከቀትር በፊት» እና «ከቀትር በኋላ»። ሌላ ምንም አይሉም። ስለ ብርሃን፣ ስለ ጨለማ፣ ስለ ቁርስ፣ ስለ እራት ያነሱት ነገር የለም።

አብዛኞቻችን ትምህርት ቤት የተማርነው ግን «ኤኤም ጠዋት፣ ፒኤም ማታ» ብለን ነው። ግማሽ እውነት ናት። ኤኤም ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ ቀትር ያለውን 12 ሰዓት በሙሉ ይይዛል። በእኛ አጠራር ሌሊቱም፣ ንጋቱም፣ ጠዋቱም፣ ረፋዱም ኤኤም ነው። ፒኤም ደግሞ ከሰዓት በኋላውንም፣ አመሻሹንም፣ ምሽቱንም ጠቅልሎ እስከ እኩለ ሌሊት ይሄዳል። ስዊድን ያለ ዘመድ ካላችሁ ጠይቁት። ስቶክሆልም ውስጥ በዲሴምበር 3 ፒኤም ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። በጁን ደግሞ 4 ኤኤም ሳይሆን ትወጣለች። ኤኤምና ፒኤም ግን ንቅንቅ አይሉም።

ስልካችሁን በአማርኛ የምትጠቀሙ ከሆነ እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ስልኮች ቋንቋቸው አማርኛ ሲሆን ኤኤምን «ጥዋት»፣ ፒኤምን «ከሰዓት» ብለው ይጽፋሉ። ቁጥሩን ግን አይቀይሩትም። ስለዚህ እኩለ ሌሊት ካለፈ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስልኩን ስታዩት «12:30 ጥዋት» ይላችኋል። ሀበሻ ይህን ሲያነብ ጎሕ ቀዶ፣ ወፍ ተንጫጭቶ ነው የሚታየው። ማታም «9:00 ከሰዓት» ይላል። እሱ የእኛ ምሽት 3 ሰዓት ነው።

1. ከማንኛውም ስሌት በፊት ጠይቁ

«በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ጥያቄ ማንንም አያሳፍርም። ሐኪም ቤትም፣ ቢሮም፣ ሠርግ ቤትም ይጠየቃል። የእኛ ሰዓት ቆጠራውን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ነው። ስለዚህ ከንጋት መቁጠር ያዋጣል። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንዲሁ ነው የሚቆጥሩት፤ በእነሱም ቋንቋ ጠዋት 7 ኤኤም «አንድ ሰዓት» ይባላል። እኛ ብቻ አይደለንም ለማለት ያህል ነው።

ቁጥሩ አጠገብ ኤኤም ወይም ፒኤም ካለ የፈረንጅ ሰዓት ነው ብላችሁ ብዙ ጊዜ መተማመን ትችላላችሁ። ብዙ ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። «ነገ 3 ፒኤም እንገናኝ» ብሎ ጽፎ፣ በልቡ ምሽት 3 ሰዓት የሚያስብ ጓደኛ አለኝ። እንደሱ ዓይነት ሰው ሲጽፍላችሁ «ጨልሞ ነው ወይስ ፀሐይ ላይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከኤኤምና ከፒኤም ይልቅ እሷ ጥያቄ ታድናለች።

2. አራት ካስማ ትከሉ

ሙሉውን ሰንጠረዥ መሸምደድ አያስፈልግም። አራት ነጥቦች ይበቃሉ፦

6 ኤኤም፦ ጠዋት 12 ሰዓት
12 ፒኤም፦ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ቀትር
6 ፒኤም፦ ምሽት 12 ሰዓት
12 ኤኤም፦ ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ እኩለ ሌሊት

ሌላውን ከቅርቡ ካስማ ተነስታችሁ ቁጠሩ። 8 ፒኤም ከምሽት 12 ሰዓት ሁለት ሰዓት ይርቃል፤ ምሽት 2 ሰዓት፣ ስንቱ ቤት ዜና የሚከፈትበት። 10 ኤኤም ለቀትር ሁለት ሰዓት ይቀረዋል፤ ረፋድ 4 ሰዓት።

ስሌት የሚመርጥ ደግሞ ስድስትን ይያዝ። የፈረንጁ ቁጥር ከ6 ከበለጠ 6 ቀንሱ፤ 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 6 ደምሩ። ደቂቃው አይነካም።

የእጅ ሰዓት የምታስሩ ሰዎች ከሁላችን ትሻላላችሁ። ስድስት ሰዓት ማለት የክቡ ግማሽ ነው። ስለዚህ አጭሯ ቀስት ከምታመለክተው ቁጥር ትይዩ ያለውን አንብቡ። ቀስቷ 7 ላይ ናት? ከፊት ለፊቷ 1 አለ። 10 ላይ ናት? ከፊት ለፊቷ 4። አባቴ ሰዓቱን በፈረንጅ ሞልቶ ዕድሜ ልኩን በሀበሻ ያነበበው በዚህ ዘዴ ነው። ልጅ ሆኜ ሰዓቱን ከጀርባው የሚያነብ ይመስለኝ ነበር።

3. አስራ ሁለትን ለብቻዋ ያዙ

አውሮፕላን የምታሳልፈው እሷ ናት። ፈረንጆቹ ራሳቸውም ይደናገሩባታል። የአሜሪካ መንግሥት የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም 12 ኤኤምና 12 ፒኤም የሚሉትን አጻጻፎች ባትጠቀሙ ይሻላል ብሎ ይመክራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቀትር ከቀትር በፊትም በኋላም አይደለም፤ ራሱ ቀትር ነው። ያም ሆኖ ልማዱ ጸንቷል፦ 12 ፒኤም ቀትር፣ 12 ኤኤም እኩለ ሌሊት።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ የገባኝ በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ ሳስበው ነው። እኛ ሌሊት 10፣ ሌሊት 11 ብለን ቆጥረን ቀጥሎ ምን እንላለን? «ጠዋት 12።» ከዚያ ጠዋት 1። አያችሁ፣ ስሙ የሚቀየረው 1 ላይ አይደለም፤ 12 ላይ ነው። አስራ ሁለት ቁጥሯ ካለፈው ወገን ይመስላል፣ ስሟ ግን ከሚመጣው ጋር ነው። የፈረንጁም እንዲሁ ነው። 10 ፒኤም፣ 11 ፒኤም፣ ከዚያ 12 ኤኤም፣ ከዚያ 1 ኤኤም። ቀንም 11 ኤኤም፣ 12 ፒኤም፣ 1 ፒኤም። ደንቡን ከልጅነታችን እናውቀዋለን፤ እዚያ ቤት ሲደርስ ነው የሚጠፋብን።

ይህ ካልተዋጠላችሁ 12ን ዜሮ አድርጋችሁ አንብቡ። 12:40 ኤኤም ማለት ዜሮ ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ ቀኑ ገና 40 ደቂቃው ነው። የ24 ሰዓት አቆጣጠር የሚጠቀሙ ትኬቶች 00:40 ብለው የሚጽፉት ለዚህ ነው። በዚያ አቆጣጠር ከ12:59 ቀጥሎ 13:00 ይመጣል፤ ኤኤምም ፒኤምም አያስፈልገውም። «15:00 ፒኤም» ብሎ መጻፍ ዝናብ ላይ ውሃ ማርከፍከፍ ነው።

4. ቀኑን «በአጥቢያ» ፈትሹት

ሰዓቱን በትክክል አስልቶ ቀኑን የሚስት ብዙ ነው። የአክስቴ ልጅ ያለቀሰችውም በዚህ ነው። የፈረንጅ ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው። ለእኛ ግን ማክሰኞ የመሸው ሌሊት እስኪነጋ ድረስ የማክሰኞ ሌሊት ነው። ተኝተን ሳንነሳ እንዴት ቀን ይለወጣል?

ደግነቱ አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል አለው። አጥቢያ። «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ስንል ሁለቱንም ቀን እንጠራለን፤ የመሸውንም የሚነጋውንም። ፈረንጅ ከሁለቱ የሚይዘው የሚነጋውን ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ሰዓት ለእሱ ረቡዕ 2 ኤኤም ነው። ደንቧ አጭር ናት። ከ12 ኤኤም እስከ 5:59 ኤኤም ያለ ማንኛውም ሰዓት ሲጻፍላችሁ ከቀኑ ስም በፊት የትናንቱን ቀን ጨምራችሁ፣ «ለ... አጥቢያ» ብላችሁ በአማርኛ ድገሙት። «ሐሙስ 12:40 ኤኤም»፦ ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40። ከቤት የሚወጣው መቼ እንደሆነ ወዲያው ይታያችኋል።

የሥራ ፈረቃም ላይ ያው ነው። አሜሪካ ነርሲንግ ሆም ወይም ፓርኪንግ የሚሠራ ዘመድ ያለው ያውቀዋል። ስኬጁሉ «ቅዳሜ፣ ከ12 ኤኤም እስከ 8 ኤኤም» ካለ የምትወጡት ዓርብ ማታ ነው። ቅዳሜ ማታ ከሄዳችሁ አንድ ፈረቃ ቀርታችሁ ሌላ ሰው ፈረቃ ላይ ትገኛላችሁ። «ዓርብ ሚድናይት» የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ አትገምቱ። ዓርብ የሚጀምርበት ነው ወይስ የሚያልቅበት? እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም አይስማሙበትም፣ አለቃችሁን ጠይቁ።

የማመልከቻ ቀነ ገደብ ላይ «11:59 ፒኤም» የሚል ቁጥር የሚበዛው ይህን ንትርክ ለመሸሽ ነው። አንድ ደቂቃ ቀንሰውለት ቀኑ የማያሻማ ሆነ። በእኛ ለ6 አንድ ደቂቃ ጉዳይ፣ የዚያው ቀን ሌሊት።

5. የማን ሰዓት ነው?

ኤኤምና ፒኤም ሁልጊዜ የአንድ ቦታ ናቸው። የዚያን ቦታ ስም ሳታውቁ አታስሉ።

ጥሩ ምሳሌው ዲቪ ነው። የ2025 ዲቪ ምዝገባ የተከፈተው ኦክቶበር 4 ቀን 2023፣ በእኛ መስከረም 23 ቀን 2016 ሲሆን፣ የተዘጋው ኖቬምበር 7፣ በእኛ ጥቅምት 27 ነበር። ሁለቱም በአሜሪካ ምሥራቃዊ ሰዓት ልክ በቀትር። መመሪያው «12 ኑን» ብሎ ነው የጻፈው፤ ፒኤም ብሎ አላደናገረም። ግን ሲከፈት በአዲስ አበባ ምሽት 1 ሰዓት ነበር፣ ሲዘጋ ምሽት 2 ሰዓት። በመሃል አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሰዋል። በየዓመቱ በማርች ሁለተኛው እሑድ ወደ ፊት፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ወደ ኋላ ያደርጉታል። እኛ አንነካካውም።

ከዚህ የወጣች አንዲት ዘዴ አለችኝ። ዋሽንግተን ዲሲ ወይም ኒውዮርክ ያለ ሰው ሰዓቱን ሲነግራችሁ፣ ስድስት መደመር መቀነሱን ተዉትና በቁጥሩ ላይ 1 ብቻ ጨምሩ። የሀበሻ ሰዓታችሁ ወጣ። እዚያ 9 ኤኤም ከሆነ እዚህ 10 ሰዓት ነው። ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ማርች ድረስ ደግሞ 2 ጨምሩ፤ 9 ኤኤም 11 ሰዓት ይሆናል። የእነሱ ጠዋት የእኛ ከሰዓትና ምሽት ነው። የእነሱ ምሽት የእኛ ሌሊትና ንጋት። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ወንድሜን በእንቅልፉ አልቀሰቀስኩትም። እሱ እኔን ቀስቅሶኛል።

ሪያድ፣ ኩዌት፣ ዶሃና ማናማ ከአዲስ አበባ ጋር ልዩነት የላቸውም። ዱባይና ሙስካት አንድ ሰዓት ይቀድሙናል። እስራኤል በበጋቸው ከእኛ እኩል ነው፣ በክረምታቸው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ዓረብ አገር ላላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ስልኩ ወይም ደረሰኙ በዓረብኛ ከሆነ በኤኤም ቦታ «ሳድ»፣ በፒኤም ቦታ «ሚም» የሚባሉት ፊደላት ይቆማሉ። ሳድ የጠዋቱ ናት፣ ሚም የማታው። ሚምን አይታችሁ «ሞርኒንግ» እንዳይመስላችሁ።

6. በአፍ ሲነገር

ኤኤምና ፒኤም ይበልጥ የጽሑፍ ናቸው። በወሬ መካከል ፈረንጅ የሚለው «ኢን ዘ ሞርኒንግ»፣ «ኢን ዚ አፍተርኑን»፣ «ኢን ዚ ኢቭኒንግ»፣ «አት ናይት» ነው። ከሁሉም የሚያሳስተን የመጀመሪያው ነው። ባልደረባችሁ «ትናንት ቱ ኢን ዘ ሞርኒንግ ገባሁ» ካላችሁ ሲዝናና አምሽቷል ማለት ነው። በእኛ ጆሮ «ጠዋት 2 ሰዓት» ብላችሁ ከሰማችሁት ግን ቢሮ በጊዜ የገባ ጨዋ ሠራተኛ ይሆናል። ለእሱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሁሉ ሞርኒንግ ነው። ትርጉሙ ከሌሊቱ 8 ሰዓት።

ሁለቱን አብራችሁ አትድገሙ። «8 ኤኤም ኢን ዘ ሞርኒንግ» የሚል ሰው አንዱን ማስቀረት ነበረበት። «ኦክሎክ» የምትባለዋም ለሙሉ ሰዓት ብቻ ናት። «ኤይት ኦክሎክ» ይባላል፤ «ኤይት ሰርቲ ኦክሎክ» አይባልም። ይህቺን ስህተት እኛ አብዝተን እንሠራታለን፣ «ስምንት ሰዓት ተኩል» ስንል «ሰዓት» የምትለዋን ስለማንጥል ይመስለኛል።

«ኳርተር ቱ ሰቨን» ግን ዘመዳችን ነው። ለ7 ሩብ ጉዳይ። ኤኤም ከሆነ ጠዋት ለ1 ሩብ ጉዳይ። እንግሊዞች ደግሞ «ሃፍ ሰቨን» ይላሉ፤ ሰባት ተኩል ማለታቸው ነው፣ 7:30። ጀርመን የምትኖሩ ተጠንቀቁ። እዚያ ግማሽ ሰባት ማለት ለሰባት ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው፣ 6:30። ሁለቱን አገር ያየ ሰው ቀጠሮ ሲይዝ ቁጥሩን በጽሑፍ ቢያስልክ አልፈርድበትም።

7. ለሌላ ሰው ስትጽፉ

ሰዓቱን በአንድ አቆጣጠር ብቻ አትላኩ። በፈረንጅ ጻፉት፣ በሀበሻ ድገሙት፣ ሌሊት ከሆነ አጥቢያውን ጨምሩ፣ መድረስ ያለበትንም ሰዓት ንገሩት። ለአክስቴ ልጅ መላክ የነበረበት እንዲህ ነው፦ «በረራሽ ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ነው፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40፣ በፈረንጅ ሐሙስ 12:40 ኤኤም። ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ከ40 ላይ ቦሌ ሁኚ።» ትንሽ ረዘም ይላል። ትኬት እንደገና ከመግዛት ግን ይረክሳል።

እስኪ ሞክሩት

ሀ. የሥራ ቃለ መጠይቅ፣ 1:15 ፒኤም።
ለ. ፈረቃ፣ እሑድ ከ12 ኤኤም እስከ 8 ኤኤም።
ሐ. ሐኪሙ «ዊዝ ኤ ፊቨር አት ስሪ ኢን ዘ ሞርኒንግ» ብሎ የጻፈው ትኩሳት።
መ. በጁላይ፣ ዋሽንግተን ላለ ወንድማችሁ «በእኛ ምሽት 3 ሰዓት እደውላለሁ» ብላችሁታል። ለእሱ ስንት ሰዓት ነው?

መልስ። ሀ፦ ከቀኑ 7 ሰዓት ከሩብ። ለ፦ ከቤት የምትወጡት ቅዳሜ ማታ ነው፣ ፈረቃው የሚያልቀው እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት። ሐ፦ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። መ፦ ከ3 ላይ 1 ቀንሱ፣ 2 ፒኤም። ሥራ ላይ ስለሚሆን ላያነሳው ይችላል።